ከአንድ ፍሬ ዕጣን ሦስት ነገር፦ ለዋግ ኽምራ አነስተኛ ቤተ ሙከራ የሚሆን መመሪያ

ከአበርገሌና ከዝቋላ ቆላ ተለቅሞ ሰቆጣ የሚደርሰው ዕጣን በእያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ተናኝ ዘይት ነው፤ ፍም ላይ ሲወድቅ ቤቱን የሚያውደው እሱ ነው። ሁለተኛው ሬዚን ነው፤ ውሃ አያሟሟውም፣ አልኮል ግን ያሟሟዋል። የመድኃኒት ተመራማሪዎች ለዓመታት የተከታተሏቸው ቦስዌሊክ አሲዶች ያሉት እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስተኛው ሙጫው ነው፤ ይህ ደግሞ በተቃራኒው በውሃ ይሟሟል እንጂ ጠንካራ አልኮል አይነካውም። ሦስቱን በየራሳቸው ለማውጣት የሚጠይቀው ዕውቀት ከአቅም በላይ አይደለም። ሆኖም ዕጣናችን ዛሬም በብዛት የሚሸጠው እንደተለቀመ፣ በጆንያ ነው፤ ዘይቱ የሚወጣው ባሕር ማዶ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዋግ ኽምራ ላሉ የዕጣን ማኅበራት፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ መምህራን፣ ተመርቀው ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ኒሯቅ ወይም ወደ አምደወርቅ ለተመለሱ ወጣቶች ነው። ዋናው ሥራ በዕጣን ላይ ነው። ጦስኝንና እንዶድንም አነሳለሁ፤ ሁለቱ ከዕጣን የተለየ አያያዝ ስለሚፈልጉ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ንጥረ ነገሩን ይወቁ

ዘመናዊ ዘዴ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ውድ ማሽን ነው። እኔ ግን ዘመናዊ የምለው የሚፈለገውን ንጥረ ነገር ጠባይ አውቆ፣ ለዚያ ጠባይ የሚስማማውን አሟሚና ሙቀት መምረጥን ነው። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለዚህ ሁለት ማስረጃ ልጥቀስ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን ወደ ሰው የሚያሻግሩት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ግኝቱ ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኝቷል። ኬሚስቶች ጉዳዩን ሲመረምሩት ደግሞ የሚከተለውን አገኙ። ደረቅ የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ፣ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሳፖኒኑን ይዞት ከኖረው የስኳር ሰንሰለት አንዱን ይቆርጥለታል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ይህ የተቆረጠው ሳፖኒን ነው። ያው ፍሬ በሜታኖል ቢወጣ ወይም በፈላ ውሃ ቢቀቀል ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል፤ ሳፖኒኑም ሳይቆረጥ፣ ደካማ ሆኖ ይወጣል። የአድዋ ሴቶች ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ ለዚህ ሥራ ከቤተ ሙከራው ሜታኖል የተሻለ አሟሚ ነበር።

ሁለተኛው የቻይናዊቷ የቱ ዩዩ ሥራ ነው። ለወባ የምትፈልገውን ንጥረ ነገር ከአርቴሚሲያ ቅጠል በሙቀት ለማውጣት ስትሞክር ውጤቱ አስተማማኝ አልሆነላትም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሙቀቱን ትታ በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላው ኤተር ስታወጣው መድኃኒቱ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በዚህ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ስለሚፈልጉት ንጥረ ነገር ሦስት ጥያቄ ይመልሱ፦ ይተናል ወይስ አይተንም? ሙቀት ያበላሸዋል ወይ? የሚሟሟው በውሃ፣ በአልኮል ወይስ በዘይት መሰል ፈሳሽ ነው? መልሱን ደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት።

እዚህ ላይ ሰቆጣ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ንጹሕ ኤታኖልም በ78 ሳይሆን በ71 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የውጭ መጽሐፍ ላይ ያገኙትን ሙቀትና ሰዓት እንዳለ አይቅዱ። የእንፋሎት ማንጠር ከቆላው ይልቅ ሰቆጣ ላይ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ሙቀት ለሚጎዳቸው ንጥረ ነገሮች ግን ደጋው የተሻለ ነው።

ዛፉ

የእኛ የዕጣን ዛፍ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው፤ በንግዱ የትግራይ ዓይነት የሚባለውን ዕጣን የሚሰጠው። ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የዚህ ዛፍ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። ምክንያቱ በአብዛኛው ደን ውስጥ አሮጌ ዛፍ እንጂ ወጣት አለመገኘቱ ነው፦ ቡቃያው በከብት ይበላል፣ በእሳት ይቃጠላል፤ ትልቁ ዛፍ ያለ ዕረፍት ይቆሰላል፣ ግንድ ቦርቧሪ ጢንዚዛም ይገባበታል። ዘይት ማውጣት ትርፍ ሲያመጣ በዛፉ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል እንጂ በራሱ አይቀንስም። በዚህ የተነሳ ከመንጠሪያው ዕቃ በፊት ከሚያቀርቡልዎ ሰዎች ጋር ውል ያስፈልጋል። ውሉ ውስጥ ቢያንስ እነዚህ ይግቡ፦ ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ዛፍ አይቆሰልም፤ የሚቆሰለው በደረቁ ወራት ብቻ ነው፤ በአንድ ዛፍ ላይ የቁስሉ ብዛት በግንዱ ውፍረት ይወሰናል፤ ደኑ በየተራ ይከለላል፣ በተከለለበት ዘመን አይቆሰልም፣ ከብትም አይገባም። ለዕጣን ኪሎ የሚከፍሉት ዋጋ ይህን የሚያከብረውን ሰው ከማያከብረው ካልለየ ውሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጥሬ ዕቃውን መምረጥና ማዘጋጀት

ገበያ ላይ ውድ የሆነው ነጭና ትልልቅ ፍሬ ነው። ለመንጠር ግን እሱን አይግዙ። የፍሬው መጠንና ንጣት ለቤተ ክርስቲያንና ለወጪ ንግድ ዋጋ አለው፤ ዘይቱ ግን በትንንሹና በጠቆረው ደረጃ ውስጥም አለ። ለእርስዎ የሚያስፈልገው የዘንድሮ ምርት መሆኑ ነው። ቆላ ላይ በፀሐይ ተሰጥቶ የከረመ ዕጣን ዘይቱን ለአየሩ ሰጥቷል። ለመፈተሽ ጥቂት ፍሬ በጣትዎ ጨቁነው ይስበሩ፦ ውስጡ ትንሽ የሚያጣብቅና ሽታው ወዲያው የሚነሳ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ መስታወት ደርቆ ዱቄት የሚሆነው ዘይቱ አልቋል።

ቅርፊት፣ አፈርና ጠጠር በእጅ ይልቀሙ። ቅርፊቱ የሚያመጣው ታኒንና ቀለም በኋላ ሬዚኑን ያጠቁርብዎታል።

መፍጨት ላይ ሰው ሁሉ የሚቸገርበት ነገር አለ። ዕጣን ሲፈጭ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ወፍጮው ላይ ይጣበቃል። መፍትሔው ማቀዝቀዝ ነው። ዕጣኑን በተዘጋ ዕቃ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩ፤ ጠዋት በጥቂት በጥቂቱ በሙቀጫ ይውቀጡት። ለመንጠር የስንዴ ቅንጬ ያህል ከደቀቀ ይበቃል፤ በአልኮል ለሚወጣው ግን ደቀቅ ያለ ዱቄት ይሻላል። የተወቀጠውን በዚያው ቀን ይጠቀሙበት።

ዘይቱን በእንፋሎት ማንጠር

የእኛ ዕጣን ዘይት ዋናው ክፍል ኦክታይል አሲቴት ነው። በዚህ ከሶማሊያው ዕጣን ይለያል፤ የዚያ ዘይት በብዛት አልፋ ፓይኒንን የመሰሉ ቀለል ያሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ኦክታይል አሲቴት ብቻውን የሚፈላው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከውሃ እንፋሎት ጋር ሲሆን ግን ከውሃው የመፍላት ነጥብ በታች ባለ ሙቀት አብሮ ይወጣል። ሥራው በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አረቄ የሚያወጣ ሰው ዕቃውን ያውቀዋል፦ የሚፈላበት ማሰሮ፣ እንፋሎቱን የሚወስድ መቃ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ተቀባይ ዕቃ። እርስዎ የሚለውጡት ሦስት ነገር ነው። ማሰሮው ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። መቃው በጠመዝማዛ የብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ ይተካ። ተቀባዩ ዘይትና ውሃን የሚለይ ይሁን። ለትንሽ መጠን እ.ኤ.አ. በ1928 የተሠራው ክሌቬንጀር የሚባለው የብርጭቆ ዕቃ ይበቃል፤ ዘይቱን ይይዛል፣ ውሃውን ወደ ፍላስኩ ይመልሳል፣ የተገኘውን መጠንም በላዩ ባለው ልኬት ያሳያል።

ለመጀመሪያ ሙከራ 200 ግራም የተወቀጠ ዕጣን 3 ሊትር በሚይዝ ፍላስክ ውስጥ ያድርጉ፤ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ። ፍላስኩ ከግማሽ በላይ አይሙላ፦ የዕጣን ሙጫ በፈላ ውሃ አረፋ ያስነሳል፤ አረፋው ወደ ቱቦው ከገባ ሬዚኑ እዚያ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል፤ የተዘጋ መንጠሪያ ደግሞ ይፈነዳል። ጥቂት ንጹሕ ጠጠር ወይም የተሰባበረ ሸክላ ከታች ይጨምሩ፤ ውሃው ሳይዘል እኩል ይፈላል። የማሞቂያው ነገር በርጋታ ይሁን። ሬዚኑ ቀልጦ ከታች ስለሚተኛ ነበልባል በቀጥታ ካገኘው ያርራል፤ ያረረ ሽታ የገባበትን ዘይት ደግሞ የሚያድነው ነገር የለም። ትልቅ ዕቃ ሲሠሩ ከታች ከፍ ያለ ወንፊት ያስገቡና ዕጣኑ በእሱ ላይ ይረፍ።

ሰቆጣ ላይ ሥራውን የሚፈትነው የማቀዝቀዣው ውሃ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ያለው ሥዕል ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን ለሰዓታት ማፍሰስ ነው፤ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ይህን ማድረግ አይገባም። 200 ሊትር በርሜል ጥላ ሥር አስቀምጠው በትንሽ ፓምፕ ያንኑ ውሃ መልሰው መላልሰው ያዙሩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜው ስለሚረዳ ከምሽት ጀምሮ መሥራት ይመረጣል። የሚወጣው ጠብታ ከለብታ እንዳያልፍ በእጅዎ እየነኩ ይከታተሉ፤ ትኩስ ከሆነ ዘይቱ በአየር እየጠፋ ነው። ማገዶን በተመለከተም ቃሌ ግልጽ ነው፦ እየሳሳ ያለ ደን ያፈራውን ዕጣን በዚያው ደን እንጨት ማንጠር አይገባም። መብራት ባለበት በመብራት ይሥሩ።

መጀመሪያ የሚወጣው ቀለል ያለው ክፍል ነው፤ ኦክታይል አሲቴቱ ይከተላል፤ ከባዱ ኢንሴንሶል አሲቴት በመጨረሻ ጥቂት በጥቂት ይመጣል። ይህ ኢንሴንሶል አሲቴት እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በአይጥ አእምሮ ላይ የማረጋጋት ውጤት የታየበት ንጥረ ነገር ስለሆነ በትዕግሥት መጠበቁ አይከፋም። ዘይቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ካልጨመረ ያቁሙ። ዕጣኑን በሙቅ ውሃ ውስጥ አያሳድሩት፤ ኦክታይል አሲቴት በረጅም ፍላት ቀስ እያለ ወደ ኦክታኖልና ወደ አሴቲክ አሲድ ይፈርሳል፣ ሽታውም ይለወጣል።

ዘይቱ ከውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል። ለይተው ይውሰዱት፤ ደረቅ ሶዲየም ሰልፌት ጥቂት ቆንጥረው ይጨምሩበት፣ የቀረውን ውሃ ይጠጣዋል። በጥቁር ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልተው፣ ገጥመው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። ፕላስቲክ አይሁን።

ከ200 ግራም ዕጣን 6 ግራም ዘይት ቢያገኙ 3 በመቶ ማለት ነው። ውጤቱ በዕጣኑ ዕድሜና በደረጃው በጣም ስለሚለያይ የአንድ ቀን ቁጥር ይዘው ለገዢ ቃል አይግቡ። ከአንድ ጆንያ ሦስት ናሙና ወስደው ሦስቱንም ያንጥሩ።

ከቅሪቱ ሬዚኑን ማውጣት

አሁን ፍላስኩ ውስጥ ያለውን ይመልከቱ። ዘይቱ ወጥቷል፤ ሙጫው በውሃው ውስጥ ሟሟቶ ወፍራም ፈሳሽ ሆኗል፤ ሬዚኑ ከታች ተጓጉሏል። ሦስቱ በአንድ ሥራ ተለያይተዋል። ይህን ቅሪት መድፋት በጣም ያሳዝነኛል፤ ሳይንስ በዕጣን ላይ ካተኮረባቸው ነገሮች ዋናው ያለው እዚህ ነውና። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን ቱቢንገን የተሠሩ ጥናቶች ቦስዌሊክ አሲዶች፣ ከሁሉም በላይ አሴቲል ኬቶ ቦስዌሊክ አሲድ የሚባለው፣ ብግነት የሚያስነሳ አንድ ኢንዛይም እንደሚገቱ አሳይተዋል። የእኛ ዛፍ ሬዚን ደግሞ በዚህ አሲድ ሀብታም ነው።

ሙጫ ያዘለውን ውሃ ገና ሙቅ ሳለ ቀድተው ይለዩ። ሬዚኑን በንጹሕ ሙቅ ውሃ ሁለቴ አለቅልቀው፣ አቀዝቅዘው፣ ሰባብረው ጥላ ላይ ያድርቁ። ከደረቀ በኋላ 100 ግራሙን በ500 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል ይዘፍዝፉ። አልኮሉ ጠንካራ መሆን ያለበት የቀረው ሙጫ ሳይሟሟ እንዲቀር ነው። ለመጸዳጃ የሚሸጠውን ሜታኖል ወይም ቀለም የተጨመረበትን አልኮል ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

መዘፍዘፉ በቀዝቃዛው ከሆነ በየጊዜው እየነቀነቁ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ። የአልትራሳውንድ ገንዳ ካለዎት ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ይህ ገንዳ መነጽርና ጌጣጌጥ ከሚታጠብበት ዕቃ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ሲፈነዳ አሟሚውን ወደ ቅንጣቱ ውስጥ ይገፋዋል። ጠርሙሱን ገንዳው ውሃ ውስጥ ያቁሙት እንጂ አልኮል ገንዳው ውስጥ አያፍስሱ። ውሃው ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ ይቀይሩት። ከዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ለሰቆጣ አንድ ብቻ ግዙ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፦ ትንሽ መብራት ይበላል፣ ውሃ አይፈጅም፣ ለቅጠልም ለሬዚንም ይሆናል።

አጥልለው አልኮሉን ይመልሱ። ነበልባል ባለበት ክፍል ይህ ሥራ አይሠራም። ፍላስኩን 80 ዲግሪ ገደማ ባለ የውሃ ድስት ውስጥ አድርገው አልኮሉን በዚያው ማቀዝቀዣ ቱቦ መልሰው ይቀበሉት፤ በሰቆጣ ከፍታ በቀላሉ ይወጣል፣ ለሚቀጥለውም ዙር ያገለግላል። የሚቀረው ቢጫማ ሬዚን ነው።

ዓላማዎ አሴቲል ኬቶ ቦስዌሊክ አሲድ ብቻ ከሆነ ግን መንጠሩን ትተው ከጥሬው ዕጣን በቀዝቃዛ አልኮል ይጀምሩ፤ ይህ ንጥረ ነገር ረጅም ሙቀት አይወድም።

የተሻለ ንጽሕና ከፈለጉ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራም የሚችለው አንድ መንገድ አለ። ሬዚኑን ደካማ በሆነ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ፣ ፒኤች 9 ወይም 10 ላይ፣ ሳያሞቁ ያሟሙት። አሲዶቹ ጨው ሆነው ወደ ውሃው ይገባሉ፤ አሲድ ያልሆነው ክፍል ሳይሟሟ ይቀራል። ያጥልሉና ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ይጨምሩ። ፒኤቹ ወደ 3 ሲወርድ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ እሱ የቦስዌሊክ አሲዶች ድብልቅ ነው። አጥልለው፣ አሲዱ እስኪጠፋ በውሃ አጥበው፣ ከ40 ዲግሪ በታች ያድርቁት። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው።

ለቅጠል

ጦስኝን፣ ዳማከሴን ወይም ኮሰረትን ሲሠሩ መድረቁ በጥላ፣ አየር በሚገባበት፣ በስስ ተዘርግቶ ይሁን። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ከተንኮታኮተ ደርሷል። ዘይታቸውን ሲፈልጉ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ አይቀቅሉት፤ ከውሃው በላይ ወንፊት ላይ አድርገው እንፋሎቱ እንዲያልፍበት ያድርጉ። የጦስኝ ዘይት ቲሞልና ካርቫክሮል ስላለው ቆዳ ያቃጥላል፣ ሳይቀጠን አይነካም።

የማይተኑትን፣ ማለትም ፍላቮኖይድና ፌኖሊክ አሲዶችን ለማውጣት 70 በመቶ ኤታኖል ይሻላል፤ 1 እጅ ቅጠል፣ 10 እጅ አሟሚ። ከ96 በመቶው 730 ሚሊ ሊትር ይለኩና ውሃ እየጨመሩ እስከ 1 ሊትር ምልክት ይሙሉ። 270 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክተው አይጨምሩ፤ አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ይቀንሳል፣ ልኩም ይሳሳታል።

እንዶድ

ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ ይደርቅ፤ በደረቁ ይፈጭ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሌሊቱን ይደር፤ ይጥለል። ሙቀት የለም፣ አልኮል የለም። ዱቄቱ ሳል ያስነሳልና አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ውሃውን ወንዝ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር አይድፉ፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ የአበርገሌና የዝቋላ ወጣቶች ደግሞ ከተከዜ ግድብ ዓሣ አስግረው የሚኖሩ ናቸው።

ማይክሮዌቭና ካርቦን ዳይኦክሳይድ

በማይክሮዌቭ ማውጣት ፈጣን ነው፤ በእርጥብ ቅጠል ውስጥ ያለውን ውሃ አሙቆ ሕዋሱን ከውስጥ ያፈነዳዋል። ለዚህ የተሠራ የቤተ ሙከራ ዕቃ ያስፈልጋል። የኩሽና ማይክሮዌቭ ውስጥ አልኮል ማስገባት እሳት መለኮስ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪና የባሕር ወለል አየር ግፊትን ወደ 73 እጥፍ ከሚሆን ግፊት በላይ ሲደርስ ጋዝም ፈሳሽም ሳይሆን በሁለቱ መካከል ይሆናል፤ እንደ ጋዝ ሰርጎ ይገባል፣ እንደ ፈሳሽ ያሟሟል። ግፊቱ ሲለቀቅ ተንኖ ይሄዳል፣ በምርቱ ውስጥ ምንም አይተውም። ጀርመናዊው ኩርት ዞዝል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቡና ካፌይን ማውጣትን የጀመረው በዚህ ነው። ለዕጣን በጣም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዘይቱንና ኢንሴንሶል አሲቴቱን ያለ ፍላት አብሮ ያወጣል። ቢሆንም ለሰቆጣ ዛሬ አልመክረውም። የግፊት ዕቃው ዋጋ፣ የጋዝ አቅርቦቱና ጥገናው አንድ ማኅበር ብቻውን የሚሸከመው አይደለም። በእንፋሎት የሚወጣው ዘይት ጥራቱ ሳይዋዥቅ ለገዢ መድረስ ከጀመረ በኋላ በዞን ደረጃ በጋራ የሚታሰብ ነገር ነው።

መመዝገብና መፈተሽ

ለእያንዳንዱ ዙር የሚጻፈው ይህ ነው፦ ዕጣኑ የተለቀመበት ቀበሌና ወር፣ የለቀመው ሰው፣ ደረጃው፣ ክብደቱ፣ የውሃው መጠን፣ መፍላት የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የዘይቱ ክብደት፣ ሽታና ቀለም። የዛፉን ቅርንጫፍ ከቅጠልና ከአበባ ጋር ጨቁነው አድርቀው ቁጥር ይስጡት፤ አንዱን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይላኩ። ያለ እሱ ዘይቱ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ማንም ሊያረጋግጥልዎ አይችልም።

ቤትዎ ሊሠሩት የሚችሉት ፈተና ቀጭን ንጣፍ ክሮማቶግራፊ ነው። በሲሊካ በተቀባ ሰሌዳ ላይ የሬዚኑን መፍትሔ በነጥብ አኑረው ሄክሴን 7 እጅ፣ ኤቲል አሲቴት 3 እጅ በሆነ ድብልቅ ውስጥ ያቁሙት። ሰሌዳው የሚያበራ ዓይነት ከሆነ በ254 ናኖ ሜትር አልትራቫዮሌት መብራት ሥር አሴቲል ኬቶ ቦስዌሊክ አሲድ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ሌሎቹ ቦስዌሊክ አሲዶች ብዙ አይታዩም። በየዙሩ ሰሌዳውን ፎቶ እያነሱ ቢያስቀምጡ የትኛው ጆንያ ከሌላው እንደተለየ ወዲያው ያውቃሉ።

ለዘይቱ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያስፈልጋል። በአገራችን በመዓዛማ ዕፅዋት ዘይት ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍልም በፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኘና በባልደረቦቻቸው በኩል በኢትዮጵያ ዕጣንና ከርቤ ላይ ትልቅ ሥራ አለው። በቅርብዎ ያለው የሰቆጣ ደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ዛፉ አያያዝ ሊያማክርዎ ይችላል። ናሙና ሲልኩ ጥቂት ሚሊ ሊትር ዘይት በጥቁር ብልቃጥ፣ ከመዝገቡ ቅጂ ጋር ይላኩ።

ከመሸጥዎ በፊት

ዘይቱን እንደ ሽቶ ጥሬ ዕቃ መሸጥና እንደ መድኃኒት መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብልቃጡ ላይ "ለእንዲህ ያለ በሽታ" ብለው ከጻፉ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ ለዚያ ደግሞ የደኅንነትና የፈዋሽነት ማስረጃ ይጠየቃል። የብግነት ጥናቶች አሉ ማለት እርስዎ ያወጡት ሬዚን መድኃኒት ሆኗል ማለት አይደለም። ለሚጠጣ ነገር አይስጡት።

የውጭ ተመራማሪ ወይም ኩባንያ ለምርምር ናሙና ከጠየቀዎ መልሱ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ውስጥ አለ። የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ፣ ማኅበረሰቡ ከጥቅሙ እንዲካፈል በሚያደርግ ስምምነት ነው። እንዶድ የሕጉን አስፈላጊነት አሳይቶናል፤ አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንዶድ ላይ፣ ዜብራ የተባለውን የሐይቅ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ለመግደል፣ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ስለዚህ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚፈልገው፣ ምን ያህል እንደወሰደ በጽሑፍ ያስፈርሙ፤ የኢንስቲትዩቱ የፈቃድ ቁጥር ያልተጻፈበትን ጥያቄ አይቀበሉ። ዕጣኑን የለቀሙት ሰዎች ስም በመዝገብዎ ስላለ የጥቅም ድርሻው ሲመጣ ለማን እንደሚደርስ ከአሁኑ ይታወቃል።